ዲስክ ቀየርኩ፣ ኮንታክት «ሳምፕሎቹ ጠፍተዋል» ይለኛል! ደሴና አካባቢው ያላችሁ እርዱኝ

ጦሳ_ቢት፦ ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡40

ሰላም ለሁላችሁ። ያለሁት ደሴ ነው፣ ቧንቧ ውሃ አካባቢ። ትንሽ ስቱዲዮ አለችኝ። ስቱዲዮ ስላችሁ አንድ ክፍል ናት፤ ግድግዳዋ ላይ ጋቢና ብርድ ልብስ ሰቅዬባታለሁ።

አሮጌው ኤክስተርናል ሃርድ ዲስኬ ባለፈው ሳምንት ቀጭ ቀጭ ማለት ጀመረ። ሳይሞትብኝ ብዬ አዲስ 1 ቴራባይት ኤስኤስዲ ገዛሁና ሙሉውን ገለበጥኩ። ሌሊቱን ፈጀ። ጠዋት አሮጌውን ነቅዬ አዲሱን ሰካሁ። ኤፍኤል ስቱዲዮን፣ ዘፈን የምሠራበትን ፕሮግራም፣ ከፍቼ አንድ የሠርግ ዘፈን ፕሮጀክት ስጭን ኮንታክት (የተቀዱ የመሣሪያ ድምፆችን፣ ማለትም ሳምፕሎችን፣ በኪቦርድ የሚያጫውተው ፕሮግራም) ረጅም ዝርዝር ዘረገፈልኝ። 412 ሳምፕል ጠፍቷል ይላል። ሌላ ፕሮጀክት ከፈትኩ፣ ያው ነው። ሦስተኛውም ያው።

ፋይሎቹ እኮ አሉ። ፎልደሩን ከፍቼ በዓይኔ እያየኋቸው ነው። አንዱን ተጭኜ አጫወትኩት፤ ክራሩ ጥርት ብሎ ይሰማል። ኮንታክት ግን አላየሁም ብሎ ድርቅ።

ደግሞ ፕሮጀክቱን «ዚፕድ ሉፕ ፓኬጅ» አድርጌ ነበር ያስቀመጥኩት። የተጠቀምክበትን ሁሉ ሰብስቦ ያሽግልሃል ተብዬ። ታዲያ የታለ? ቅዳሜ ሠርግ አለ። ሙሽራው መግቢያዋ ላይ ክራሩ ከፍ ይበል ብሏል። ወደ 60 ፕሮጀክት ነው ያለኝ። አንድ በአንድ ልፈልግ ነው?

ሐረጎ_ቁልቁለት፦ ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡05

አብሽር፣ ምንም አልጠፋም። ያን ሳጥን ዝጋው። ፕሮጀክቱንም ሴቭ እንዳታደርግ። አሮጌው ዲስክ ሲሰካ ዊንዶውስ ምን ፊደል ይሰጠው ነበር? ለአዲሱስ?

ጦሳ_ቢት፦ ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡09

አሮጌው ጂ ነበር። አዲሱ ኢ ይላል። ፊደል ምን አገባው?

ሐረጎ_ቁልቁለት፦ ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡31

በደንብ ያገባዋል እንጂ። ኤንኬአይ የሚባለው የኮንታክት ፋይል ድምፅ የለውም። መጠኑን እይው፤ ብዙ ጊዜ በኪሎባይት ነው። ድምፁ ያለው ዋቭ በሚባለው የድምፅ ፋይል ውስጥ ነው፣ ከተጨመቀም ኤንሲደብሊው በሚባለው ውስጥ። ኤንኬአዩ የሚይዘው ማስታወሻ ነው፤ «ይሄ ቁልፍ ሲነካ ያንን ፋይል አጫውት፣ አድራሻው ይኸውና» የሚል። ፕሮጀክትህም ውስጥ የተቀመጠው ያው ማስታወሻ ነው። አድራሻው የሚጀምረው በጂ ነው። ጂ ደግሞ ዛሬ የለም።

ደሴ ቤት ስትጠይቅ «ከሰኞ ገበያ ወረድ ብሎ፣ ሰማያዊ በር» አይደል የሚሉህ? በሩ አረንጓዴ ከተቀባ ሰፈሩን ስትዞር ይመሽብሃል። ቤቱ ግን የትም አልሄደም።

ስለዚህ በሩን መልሰህ ሰማያዊ ቀባው። ኤፍኤልን ዝጋ። አሮጌውን ዲስክ ንቀል። የዊንዶውስ «ዲስክ ማኔጅመንት» ግባና አዲሱ ዲስክ ላይ ራይት ክሊክ አድርግ። የድራይቭ ፊደል መቀየሪያውን ታገኛለህ። ጂ በለው። የፎልደሮቹን ስምና አቀማመጥ ካልነካካህ በዚሁ አለቀ።

ስለ ዚፑ፤ ኤፍኤል የሚያሽገው የራሱን ዕቃ ብቻ ነው። ቻናል ሳምፕለር ላይ የጣልከውን ኪክ (የከበሮ ምት)፣ ፕሌይሊስት ላይ የዘረጋኸውን ኦዲዮ ይሰበስባል። ኮንታክት ለሱ እንግዳ ነው። የእንግዳ ሻንጣ አይፈትሽም።

ከሚሴ_ባስ፦ ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡50

ለምን ታደክሙታላችሁ? እዛው ሳጥን ላይ ሙሉ ኮምፒውተሩን ፈልግ የሚል ቁልፍ አለ። ተጭነህ ቡናህን ጠጥተህ ትመለሳለህ። እኔ ሁሌ እንደዛ ነው የማደርገው።

ወይዘሪት_ሪቨርብ፦ ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 5፡12

አደራ! እኔን ያየህ ተቀጣ።

ያ ፍለጋ የሚያየው የፋይሉን ስም ነው። እኔ ዲስክ ላይ «01» የሚባል ዋቭ በ9 ፎልደር ውስጥ ነበር። አንዱ የፒያኖ፣ አንዱ የዋሽንት፣ አንዱ ራሴ የቀዳሁት ድቤ። ኮንታክት መጀመሪያ ያገኘውን ያዘና «ሁሉም ተገኝቷል» አለኝ። ደስ ብሎኝ ሴቭ አደረግኩ። በነጋታው ደንበኛ አጠገቤ ተቀምጦ የመንዙማ ቅጂ ስከፍትለት ፒያኖው ሦስተኛው ቁልፍ ላይ ድም! ይላል። ሰውዬው «ይሄ አዲስ ስታይል ነው?» አለኝ። እየሳቀ መሆኑን እንኳ ወዲያው አላወቅኩም።

የግድ መፈለግ ካለባችሁ ኮምፒውተሩን ሁሉ አታስዱት። አንዱን ፎልደር ራሳችሁ አሳዩት። የኤንኬአዮቹን አድራሻ በጅምላ ማስተካከል ከፈለጋችሁ ደግሞ «ባች ሪሴቭ» አለ። ፎልደሩን ትሰጡታላችሁ፣ ውስጡ ያሉትን ሁሉ እየከፈተ በአዲሱ አድራሻ መልሶ ያስቀምጣቸዋል። መጫኑም ይፈጥናል። ግን በነባሩ ላይ ነው የሚጽፈው። መጀመሪያ የኤንኬአይ ፎልደሩን ኮፒ አድርጉ። ትንሽ ነገር ነው፣ ደቂቃ አይፈጅም።

አንድ ልብ በሉ። ባች ሪሴቭ የድሮ ፕሮጀክቶችን አያድንም። እዛ ውስጥ ያለው የድሮው አድራሻ ነው። ፊደሉን መመለስ የተሻለ የሚሆነው ለዚህ ነው።

ጦሳ_ቢት፦ ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 2፡15

ወላሂ ሠራ! ፊደሉን ቀየርኩት፣ ኤፍኤልን ከፈትኩት፣ ኮንታክት ትንፍሽ አላለም። ሐረጎ፣ ኮምቦልቻ ስወርድ ቡና በኔ።

ግን 11 ሳምፕል እስካሁን የለም። እነሱ ጂ ላይ አልነበሩም መሰለኝ። አንዳንዶቹ አድራሻቸው ዴስክቶፕ ይላል፣ አንዳንዶቹ ዳውንሎድስ። ዳውንሎድስን ደግሞ በጾሙ ሰሞን ላፕቶፑ ሞላ ብዬ አጽድቼዋለሁ። ስማቸውን ስታዩ ትስቃላችሁ። «አዲስ ቅጂ 4»፣ «የመጨረሻ የመጨረሻ»፣ «ኦዲዮ 17»።

ሐረጎ_ቁልቁለት፦ ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 2፡40

ዳውንሎድስ መናኸሪያ ነው፣ ቤት አይደለም። ከዛ ላይ ሳምፕል ጎትቶ ፕሮጀክት ውስጥ መጣል መንገደኛን ባልደረባ ብሎ መቅጠር ነው። መጀመሪያ ቋሚ ፎልደሩ ውስጥ አስገባ፣ ከዛ ተጠቀምበት።

ጋሽ_ካሴት፦ ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 4፡20

እንዴት አደራችሁ ልጆች። እኔ ኪቦርድ ስጫወት የኖርኩ ሰው ነኝ፤ አሁን ልጄ ያስለመደኝን ነው የምነካካው። የናንተን ጭንቀት ሳይ የድሮው ትዝ አለኝ።

የዛን ጊዜ ሳምፕለር ብረት ነበር፣ ፍሎፒ ነው የሚበላው። አንዲት ፍሎፒ 1.44 ሜጋባይት ትይዛለች። በ44.1 ኪሎኸርትዝ፣ በ16 ቢት፣ በሞኖ (በአንድ መስመር) ስታሰሉት 16 ሴኮንድ ድምፅ ማለት ነው። አንድ ፒያኖ ለመጫን ሁለት ሦስት ፍሎፒ ትቀያይራለህ። ተመልካች እያጨበጨበ ይጠብቅሃል። ስለዚህ እያንዳንዷ ላይ በእርሳስ እንጽፍ ነበር፤ ምን እንደሆነች፣ ከየትኛው ቀጥላ እንደምትገባ። ያልተጻፈባት ፍሎፒ የሞተች ናት።

እናንተ ዛሬ ሚሊዮን ፍሎፒ ኪሳችሁ ውስጥ አላችሁ። እርሳሱን ግን ጣላችሁት።

ወይዘሪት_ሪቨርብ፦ ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 4፡45

ጋሼ፣ እርሳሱን ጣላችሁት ያሉት አንጀቴን በላኝ። ልክ ነዎት።

እኔ ከድቤው ጉድ በኋላ አንድ ሳምንት ሥራ አቁሜ ስም ቀየርኩ። መጀመሪያ ያስቸገረኝ ምን መሰላችሁ? የራሳችን ፊደል። «ጸናጽል» ብዬ ስፈልግ የለም ይለኛል። አንዱን በጸሎቱ ጸ፣ አንዱን በፀሐዩ ፀ ጽፌዋለሁ። ኮምፒውተር ሁለቱን ሌላ ሌላ ነው የሚያያቸው። ሀ፣ ሐ፣ ኀም እንዲሁ። ማሲንቆ ደግሞ መሰንቆም ነው፣ ማሰንቆም ነው። በእንግሊዝኛ ፊደል ሲጻፍ ይብሳል፤ ቆን አንዱ በኬ፣ አንዱ በኪው ይጽፈዋል። አንድ መሣሪያ በአምስት ስም ዲስኬ ላይ ተበትኖ ነበር። ማሲንቆ የለኝም ብዬ ሌላ ሰው ለመለመን ስዘጋጅ 200 ፋይል አገኘሁ።

አሁን ግድግዳዬ ላይ አንድ ወረቀት ለጥፌያለሁ። የእያንዳንዱ መሣሪያ ስም እንዴት እንደሚጻፍ አለበት። ከዛ ውጭ አልጽፍም። በላቲን ፊደል ነው የምጽፈው፤ የግዕዝ ስም ያለው ፋይል ዚፕ ሆኖ ሌላ ኮምፒውተር ሲሄድ አራት ማዕዘን ሳጥን ሆኖ የወጣበት ጊዜ አለ። ቅደም ተከተሉ፦ መሣሪያ፣ ቅኝት፣ ኖታ፣ ኃይል፣ ተራ። ለምሳሌ (እዚህ በኛ ፊደል ልጻፈው) «ማሲንቆ_አምባሰል_60_ለስላሳ_02»። የተቀዳበትን ቀንና ቦታ ፋይሉ ስም ላይ አላጭቅም፣ ፎልደሩ ውስጥ አንዲት የጽሑፍ ፋይል አኖራለሁ።

ከሚሴ_ባስ፦ ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 5፡02

60 ምንድነው? ኖታ ሲ፣ ዲ፣ ኢ አይደል የሚባለው?

ሐረጎ_ቁልቁለት፦ ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 5፡20

የሚዲ ቁጥር ነው፤ ኮምፒውተሩ ለእያንዳንዱ የኪቦርድ ቁልፍ የሚሰጠው። ጎበዝ ናት። የኪቦርዱ መሃል ሲ በኮንታክት «ሲ 3» ነው የሚባለው። ሪፐር የሚባለው ሌላ የሙዚቃ ፕሮግራም «ሲ 4» ይለዋል። ኤፍኤል ደግሞ «ሲ 5»። ቁልፉ ግን አንድ ነው። አንተ ኤፍኤል ላይ «ሲ 5» ብለህ የሰየምከውን ሌላ ሰው ኮንታክት ላይ ሲደረድረው ማሲንቆህ ሁለት ኦክታቭ ይርቃል። እንደ ፉጨት ወይ እንደ ጅብ ይሆናል። 60 ስትል ግን የትም ቦታ 60 ነው።

ጦሳ_ቢት፦ ረቡዕ፣ ከቀኑ 8፡30

ከ11ዱ 9ኙን አገኘሁ። አሮጌው ላፕቶፔ ላይ ነበሩ። ሁለት ቀሩ።

አሁን ሌላ ነገር ልጠይቅ፣ ክሩን ስለከፈትኩት ይፈቀድልኝ። ፒያሳ አካባቢ የሚጫወት አንድ አዝማሪ አለ። ማሲንቆውን ልቀዳው እፈልጋለሁ፣ የራሴ መሣሪያ እንዲኖረኝ። ከየት ልጀምር? እንደ ፒያኖ እያንዳንዱን ኖታ ላስመታው?

ጋሽ_ካሴት፦ ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1፡10

ማሲንቆ ፒያኖ አይደለም ልጄ። አንድ ጭራ ነው ያለው። ጣት ከአንዱ ድምፅ ወደ ሌላው የሚሄደው እየተንሸራተተ ነው፤ ነፍሱ ያለችው እዛ መሃል መንገድ ላይ ነው። አንድ አንድ ድምፅ ብቻ ቆርጠህ ኪቦርድ ላይ ብትደረድረው ማሲንቆ የዋጠ ኦርጋን ይወጣሃል።

ሁለቱንም ቅዳ። መጀመሪያ ዝም ብለህ አጫውተው። በየቅኝቱ አምስት ስድስት ደቂቃ። ከዛ ውስጥ የዜማ ሐረጎችን ትቆርጣለህ። ቀጥሎ ነጠላዎቹን። ነጠላውን ስትቀዳ ድምፁ እስኪሞት ጠብቅ፣ እግርህን እንኳ አታንቀሳቅስ።

ቅኝቱን ደግሞ በቲውነር አታስገድደው። አምባሰልን መጽሐፉ ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ፍላት ይላል። ያቺ ሬ ፍላት ግን በአዝማሪው ጣት ላይ የፒያኖዋ ሬ ፍላት አይደለችም። አንዱ ዝቅ ያደርጋታል፣ ሌላው ከፍ። አምባሰል እዚህ ከበላያችን ነው ያለው፣ ባቲ ከኮምቦልቻ ወዲያ ነው። በሁለት አገሮቻችን ስም የሚጠሩ ቅኝቶችን ይዘን ኪቦርድ ፋብሪካ የቃኘውን ብንከተል ያሳፍራል።

ከሚሴ_ባስ፦ ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1፡35

ጋሽ ካሴት በአክብሮት ልቃወምዎት። ከማሲንቆው ጋር ፓድ አለ፣ ቤዝ ጊታር አለ፣ ኪቦርድ አለ። እነሱ በፒያኖ ቅኝት ናቸው። ማሲንቆው በራሱ መንገድ ከሄደ ሚክሱ ላይ ይጣላሉ። እኔ ቤዝ ነው የምመታው፣ ጆሮዬን ያመኛል።

ጋሽ_ካሴት፦ ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1፡50

ታዲያ ቤዙ ይጠጋው! ድሮስ ማን ነው እንግዳው?

ወይዘሪት_ሪቨርብ፦ ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡15

ሁለታችሁንም የሚያስታርቅ ነገር አለ፣ ቦታም አይበላም። ሐረጎ ቅድም እንዳለው ኤንኬአይ ማስታወሻ ነው፣ ኪሎባይት። ስለዚህ ዋቩን አንድ ጊዜ አስቀምጡ፣ ማስታወሻውን ደጋግሙ። እኔ አንድ የክራር ዋቭ ፎልደር አለኝ። ከሱ ላይ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ የሚሉ አራት ኤንኬአይ ሠራሁ። በእያንዳንዱ የየድምፁን ቲውን በሴንት (በፒያኖ ሁለት ተከታታይ ቁልፎች መሃል ያለው ልዩነት መቶኛ) አስተካክዬዋለሁ፣ ክራሩን የመታልኝ ሰው እንደቃኘው። አምስተኛው «ከባንድ ጋር» ይላል፤ እሱ ፒያኖውን ተከትሏል። ዋቮቹ አልተነኩም። ነገ ጆሮዬ ቢለወጥ ማስታወሻውን ነው የምቀይረው።

ሴቭ ስታደርጉ «አብሶሉት ሳምፕል ፓዝስ» (ሙሉ አድራሻ ያዝ) የምትለዋን ሳጥን ባዶ ተዉአት። ኤንኬአዩና የዋቭ ፎልደሩ አንድ እናት ፎልደር ውስጥ ሆነው አብረው ከተጓዙ አይጠፋፉም። ለሌላ ሰው ልትሰጡት ከሆነ «ፓች ፕላስ ሳምፕልስ» የሚለውን ምረጡ። «ሞኖሊት» የሚባለውም አለ፣ ሁሉንም በአንድ ፋይል የሚጠቀልል። እሱን ግን አልወደውም። አንድ ዋቭ ማስተካከል ስትፈልጉ እንደ ተሰፋ ትራስ ነው፣ መቅደድ አለባችሁ። በፋት 32 የተዘጋጀ ፍላሽ ላይም ከ4 ጊጋባይት ካለፈ አይገባም።

ሐረጎ_ቁልቁለት፦ ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡50

ጦሳ፣ ስለ መጠኑ እንዳትፈራ ላስላልህ። 12 ድምፅ፣ በሦስት ኃይል፣ እያንዳንዱ አራት ጊዜ ተደጋግሞ። 144 ምት ነው። ለእያንዳንዱ 5 ሴኮንድ ብትይዝለት 12 ደቂቃ። በ48 ኪሎኸርትዝ፣ 24 ቢት፣ ሞኖ ወደ 104 ሜጋባይት ይመጣል። የስልክህ ሁለት ቪዲዮ ማለት ነው። ስቴሪዮ አትቅዳ፣ ማሲንቆ ባለ አንድ አፍ ነው።

አራት ጊዜ መደጋገሙን እንዳትተው። አንድ ዓይነት ድምፅ ተደጋግሞ ሲመጣ ጆሮ ወዲያው ያውቀዋል፤ እንደ መትረየስ ይሆናል። አራቱን በየተራ ሲያወጣቸው ሰው የሚጫወት ይመስላል። ከፍተኛው ምት ከ−12 ዴሲቤል ብዙ እንዳያልፍ። ክረምት ላይ ነን፣ ቆርቆሮ ሥር ዝናብ ከመጣ ቁም፤ የቆርቆሮ ድምፅ በኋላ አይጸዳም። ውሻውም፣ ባጃጁም፣ ሰፈሩም ዝም የሚለው ከሌሊቱ 7 ሰዓት ግድም ነው። የደሴን ብርድ ደግሞ ታውቀዋለህ። የአዝማሪው ጣት እንዳይደነዝዝ እሳት አስቀምጥለት፣ ግን ሲቀዳ ከሰሉ እንዳይንጣጣ።

ከሚሴ_ባስ፦ ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3፡05

እሺ ተሸነፍኩ። እኔ ግን ኮንታክት መግዣ የለኝም። እውነቱን እንነጋገር፣ እዚህ ያለነው አብዛኞቻችን ከፍላሽ ወደ ፍላሽ የዞረ ነው የምንጠቀመው። ነፃውን የኮንታክት ፕሌየር ሞከርኩት፣ ራሴ የሠራሁትን ስከፍትበት ከ15 ደቂቃ በኋላ ዝም አለ። ላፕቶፔም ራሙ 4 ጊጋ ነው።

ሐረጎ_ቁልቁለት፦ ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3፡30

ያ 15 ደቂቃ ብልሽት አይደለም፣ ነፃው ፕሌየር እንደዛ ነው የተሠራው። የተፈቀደለትን ላይብረሪ (የተዘጋጀ የድምፅ ስብስብ) ብቻ ነው ያለ ገደብ የሚያጫውተው።

የፍላሹን ነገር አልፈርድም፣ እኔም ከዛ ነው የመጣሁት። ግን ከፍላሽ የመጣው ላይብረሪ ግማሹ የተቆረጠ ነው። ኤንኬአዩ አለ፣ ዋቩ የለም። ከየት እንደምታሟላው አታውቅም። ነፃና ሕጋዊ የሆነ አለ እኮ። «ዲሰንት ሳምፕለር» ውሰድ፤ ነፃ ነው፣ ቀላል ነው። «ሰፎርዛንዶ»ም አለ፣ ኤስኤፍዚ የሚባለውን ያጫውታል። ኤስኤፍዚ እኮ ተራ ጽሑፍ ነው፣ በኖትፓድ ትከፍተዋለህ። የትኛው ዋቭ፣ ከየትኛው ቁልፍ እስከ የትኛው፣ ስንት ሴንት ወረደ፣ ሁሉም በግልጽ ተጽፏል። አድራሻ ሲቀየር «ፈልግና ተካ» ብለህ በአንድ ጊዜ ታስተካክለዋለህ። የጋሽ ካሴትን እርሳስ የሚመስለው እሱ ነው።

ለራሙ፤ ኮንታክት ያለው ሰው «ፐርጅ» ይበል። ዘፈኑ ውስጥ ያልተነኩትን ድምፆች ከራም ያወጣቸዋል፣ የተነኩትን ብቻ ይይዛል። ኤስኤስዲ ካለህ ደግሞ ቀድሞ የሚጭነውን መጠን መቀነስ ትችላለህ፤ ቀሪውን እየተጫወተ ከዲስኩ ያነባል። በሃርድ ዲስክ ግን አትሞክረው፣ ይንተባተባል። ያ ሁሉ ካልሆነ ትራኩን ኦዲዮ አድርገህ አውጣና ሳምፕለሩን ዝጋው።

ወይዘሪት_ሪቨርብ፦ ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3፡48

የመጨረሻዋን አስምሩባት። ዘፈን ተጠናቆ ደንበኛ ሲከፍል እያንዳንዱን ትራክ ለብቻው ዋቭ አድርጌ አወጣለሁ፣ ሁሉም ከዜሮ ሴኮንድ የሚጀምሩ። ከአምስት ዓመት በኋላ ኮንታክት ባይኖር፣ ኤፍኤል ባይኖር፣ ዋቩ ይከፈታል። ጦሳም ይሄን አድርጎ ቢሆን ኖሮ ማክሰኞ ማታ ተኝቶ ያድር ነበር።

ጋሽ_ካሴት፦ ረቡዕ፣ ከምሽቱ 4፡00

ጦሳ፣ አንድ ነገር መልስልኝ። ለአዝማሪው ስንት ልትከፍለው ነው?

ጦሳ_ቢት፦ ረቡዕ፣ ከምሽቱ 4፡12

እ... ጋሼ፣ እውነት ለመናገር ምሳ ልጋብዘው ነበር ያሰብኩት።

ጋሽ_ካሴት፦ ረቡዕ፣ ከምሽቱ 4፡25

አይ! አንድ ሌሊት ቀድተህ ዕድሜህን ሙሉ ልትበላበት ነው። ምሳው አንድ ቀን ነው። ለምሽት ሥራ የሚከፈለውን ያህል ክፈለው። ምን እንደምታደርግበትም ንገረው፤ «ድምፅህን ቆራርጬ በሌላ ዘፈን ውስጥ አስገባዋለሁ፣ ለሌላ ሰውም ልሰጠው እችላለሁ» በለው። እሺ ካለ በወረቀት አስፈርመው፣ አንዱን ለሱ ስጠው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ከዋኝንም፣ ማለትም ተጫዋቹንም፣ ያውቀዋል፤ ዘፈን የደረሰው ብቻ አይደለም መብት ያለው። አዝማሪው አዋጁን ባያነብም አንተ አንብበህለታል።

ወይዘሪት_ሪቨርብ፦ ረቡዕ፣ ከምሽቱ 4፡33

ወረቀቱን ፎቶ አንሥተህ ዋቮቹ ያሉበት ፎልደር ውስጥ አስቀምጠው። ከኢንተርኔት የምታወርዱትም እንዲሁ። ክሪኤቲቭ ኮመንስ (ባለቤቱ ሥራውን ሌሎች እንዲጠቀሙበት የሚሰጠው ፈቃድ) ስላለ ብቻ ለሁሉም ይሆናል ማለት አይደለም። አንዳንዱ ስሜን ጥቀስ ይላል፣ አንዳንዱ ለንግድ አይሆንም ይላል። የሠርግ ዘፈን ሸጠህ ንግድ አይደለም ልትል አትችልም። ስታወርዱ ፈቃዱን እዛው አስቀምጡ፣ በኋላ የትኛው የትኛው እንደነበር ማንም አያስታውስም።

ሐረጎ_ቁልቁለት፦ ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 3፡10

ባክአፕ ሳንል ክሩ እንዳያልቅ። በ2014 ጥቅምት ከቤት ስንወጣ የያዝኩት ቦርሳና ልጆቼን ነው። ስመለስ ኮምፒውተሩም ዲስኩም አልነበረም። ኮፒዎቼ ሦስት ነበሩ፣ ሦስቱም እዛው ጠረጴዛ ላይ። ያን ቀን ነው የገባኝ፤ ሦስት ኮፒ አንድ ቤት ውስጥ እንደ አንድ ኮፒ ነው።

አሁን አንዱ እኔ ጋ ኮምቦልቻ ነው፣ አንዱ ደሴ እህቴ ቁም ሳጥን ውስጥ። 25 ኪሎሜትር ነው፣ በወር አንዴ ወጥቼ እቀይረዋለሁ። የሳምፕሉን ሁሉ አይደለም፤ የሚገኘው ነገር ይገኛል። ራሴ የቀዳሁትንና ፕሮጀክቶቹን ብቻ። ያ ጠቅላላው 80 ጊጋ አይሞላም።

መብራት የሚጠፋበት ሰፈር ከሆናችሁ ደግሞ ዲስኩን ኤክስፋት በሚባለው ፎርማት አታዘጋጁት፣ ማክ ከሌላችሁ። ሲጻፍ መብራት ከሄደ ኤንቲኤፍኤስ የሚባለው ፎርማት የተሻለ ይነሣል።

ከሚሴ_ባስ፦ ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 3፡25

አላህ ይተካልህ ሐረጎ። እኔም የአንድ ዓመት ሥራ በዛው ሰሞን ነው ያጣሁት።

ጦሳ_ቢት፦ ዓርብ፣ ከምሽቱ 2፡20

የሠርጉን ሥራ ጨርሼ ላክሁ። ክራሩ ከፍ ብሏል፣ ሙሽራው «አሁን ነው ደሴ የሆነው» ብሎ ድምፅ ላከልኝ። አዝማሪውንም አነጋገርኩት። ስለ ክፍያው ስነግረው ዋጋ ጨመረብኝ፣ ጋሼ ይቁጠሩት። በሚቀጥለው ሳምንት እንቀዳለን።

ከቀሩት ሁለቱ አንዱ ክላፕ (ጭብጨባ) ነው፣ ሌላ ተካሁበት፤ ማንም አያውቀውም። ሌላኛው «ኦዲዮ 17» ነበር። እሱን መተካት አልቻልኩም። እህቴ ስታገባ እማዬ ያለችው እልልታ ነው። በስልክ ቀድቼው በቴሌግራም ልኬው፣ ዳውንሎድስ ውስጥ ተረስቶ የቀረ። ስንት የሠርግ ዘፈን ላይ እንዳስገባሁት አልነግራችሁም። የማያውቃት ሙሽራ ሁሉ በእማዬ እልልታ ነው የገባው። ስልኩ ተሰርቋል፣ ቴሌግራሙም የለም።

ትናንት ሌሊት ግን የሆነ ነገር ትዝ አለኝ። መጀመሪያ የተጠቀምኩበት ዘፈን ላይ ኮንታክት አልነበረኝም፣ በኤፍኤል ሳምፕለር ነው የጣልኩት። ያን ፕሮጀክት ዚፕድ ሉፕ ፓኬጅ አድርጌው ነበር። ከፈትኩት፣ ውስጡ አለ! ማክሰኞ የሰደብኩት ዚፕ ነው ያዳነኝ።

ወይዘሪት_ሪቨርብ፦ ዓርብ፣ ከምሽቱ 2፡31

እንባዬ መጣ። ስሙንስ? አሁንም ኦዲዮ 17 ነው?

ጦሳ_ቢት፦ ዓርብ፣ ከምሽቱ 2፡34

«እልልታ_እማዬ_ከፍተኛ_01»።

ሐረጎ_ቁልቁለት፦ ዓርብ፣ ከምሽቱ 2፡36

01 ካልክ 02ም ሊኖር ነው። አራት ያስፈልግሃል ብዬሃለሁ፣ አለበለዚያ መትረየስ ትሆናለች።

ጦሳ_ቢት፦ ዓርብ፣ ከምሽቱ 2፡41

እሑድ ቡና ስታፈላ ልጠይቃት ነው። በሞኖ።